ፕላስተሩን የላጥኩት እኔ ነኝ

ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፣ ለእናቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ለፍሬምናጦስ ይድረስ።

እንደምን ሰነበትክልኝ? ከጠረፉ ሙቀት፣ ከጨው ነፋሱ፣ ከክፉ ሰው ምክር ሁሉ እግዚአብሔር ይጋርድህ። ጨጓራህስ እንዴት ሆነ? እኔ የለሁም ብለህ ቃሪያውን በባዶ ሆድህ እየበላህ እንዳይሆን። እግርህን የወጋህ ሚስማር ቁስሉ ደረቀ? የምታድርበት ቤት በር አለው? ወንድሟ ትራሱን የት እንደሚያኖር የማታውቅ እህት ምን እንቅልፍ አላት ብለህ ነው!

እኛን የጠየቅክ እንደሆነ፣ በደብዳቤ ወግ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን ይባላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ደኅና አይደለንም፣ ፍሬ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ውሸት እንድትኖር አልፈልግም፤ ለምን እንደሆነ እያነበብክ ስትሄድ ይገባሃል።

የምጽፍልህ ስልክህ ስለተዘጋብኝ ነው። በሰው ስልክ ስትደውል ደግሞ እህቴ እንዴት ነሽ ሳትል "ሸጥሽው?" ትልና ድምፅህ ይጠፋል። እኔ ያለኝ ነገር በሁለት ደቂቃ አይነገርም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ እጄ ፊደል ቢያጣምም ታገሠኝ፤ አስተማሪ አይደለህ፣ በቀይ እስክሪብቶ እያረምክ አንብበው። ደብዳቤውን የያዘው ይገዙ ነው፤ ያ ጅቡቲ የሚመላለሰው፣ ከእኔ ምግብ ቤት ሳይበላ የማያልፈው የከባድ መኪና ሹፌር። ባለፈው ከወደቡ ጀርባ ባለው ሻይ ቤት ያየህ እሱ ነው። "ከስቷል፣ ግን ይስቃል" አለኝ። ይስቃል ማለቱ የባሰ አስጨነቀኝ። አንተ የምትስቀው መቼ እንደሆነ እኔ አሳምሬ አውቃለሁ።

በመስከረም መጨረሻ የደወልክ ጊዜ ያልከኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። "ጋይዷን፣ የቴሌስኮፑን መሪ፣ ሽጪልኝ፤ ትንሽ ናት፣ ቶሎ ትሄዳለች። ትልቁ ይቆይ። ብሩን ስሜን ጠርቶ ለሚመጣው ሰው ስጪው። ባሕሩ እኮ የአንድ ሌሊት መንገድ ነው፣ እህቴ" አልክ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላውን ይዤ ቀረሁ። የአንድ ሌሊት! የዳቦ ቤቱ ልጅም ለእናቱ ያላት እንዲሁ ነበር። ያ ሌሊት ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፣ አልነጋም።

ያ ያልከው ሰውዬ ደግሞ መጣ። ኮፍያ ያደረገ፣ ትሑት፣ ከትከሻው ጎንበስ እያለ የሚያወራ። ከሹፌሮቹ መሃል ቁጭ ብሎ ጥብስ አዘዘና እጁን ታጥቦ ሲያበቃ "እትዬ ሸጊቱ፣ የፍሬምናጦስ ዕቃ እንዴት ሆነ?" አለኝ። ስሜን ማን ነገረው? አልተሸጠም አልኩት። "ችግር የለም፤ ደግሞ እመለሳለሁ። ልጁ እንዳይዘገይበት ብዬ ነው" አለና ሄደ። ሲሄድ ለኤፍራታም ፈገግ አለላት። ልጄን አሥራ አንደኛ ክፍል ስለገባች ትልቅ ሰው ናት እላለሁ፤ ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን ወደ ጓዳ ጎትቼ አስገባኋት። ማታ ለስዩም ነገርኩት። ባለቤቴን ታውቀዋለህ፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሲጠብቅ ውሎ ከዛጉት ፉርጎዎች ጋር ዝምታ ለምዷል። ጫማውን አውልቆ "ዕቃውን ባትሸጪው ይቀየምሻል፤ ብትሸጪው ደግሞ..." አለና ቀሪውን ሳይጨርሰው ተኛ። ቀሪውን እኔ ሳስብ አደርኩ።

አሁን ስለ ዕቃዋ ልንገርህ። በትልቁ ቴሌስኮፕ ጀርባ ላይ ስለምትታዘል የእኔ ልጆች ጥጃዋ እንደሚሏት ታውቃለህ። እኔም የትልቁ መለዋወጫ፣ ቢኖርም ባይኖርም የሚሆን ነገር አድርጌ ነበር የማያት። እውነቱን ልናገርና፣ እሺ ያልኩህ ለዚህ ነው። ትንሿን ሸጬ ትልቁን ካስቀረሁልህ፣ አንድ ቀን ተመልሰህ ከዋክብትህን ታነሳለህ የሚል ተንኮል በሆዴ ይዤ ነበር። ትልቁ አሁንም ያኔ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ራስህ አውርደህ ከአልጋ ሥር ያስገባኸው ቦታ አለ። አቧራውን በየሳምንቱ አራግፍለታለሁ።

ጥጃዋን ከሣጥኗ አወጣኋትና ለገበያ አዘጋጀኋት። በግ እንኳ ለበዓል ገበያ ሲወጣ ይታጠባል አይደል? ከነካሜራዋ፣ ከነሽቦዋ፣ ከነቀለበቶቿ ደረደርኳት። ሁሉም ነገር ጥሩ ሆኖ ወገቧ ላይ የተጠቀለለው ፕላስተር ብቻ አስቀየመኝ። ጠርዙ የተነሳ፣ አቧራ የጠጣ፣ ቁስል የታሰረበት የመሰለ ፕላስተር። ይሄን ያየ ገዢ ሰባራ ናት ይላል ብዬ ላጥኩት። ሙጫውን በቤንዚን ጠራረግኩ፤ ስጠራርግ ያ የሚዞረው ቀለበቷ ወደዚያም ወደዚህም ዞረ፤ እንዳልተበላሸ ለማረጋገጥ እኔም ደጋግሜ አዞርኩት። አሁን ይሄን ስታነብ ጭንቅላትህን ይዘህ እንደምትጮህ ይታየኛል። ጩህ፣ ይገባኛል።

ኤፍራታ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ባለው የገበያ ግሩፕ ለጠፈችው። "ያገለገለ፣ ለቴሌስኮፕ ፎቶ መምሪያ የሚሆን፣ ንጹሕ" ብላ ጻፈች። ገና ምሽቱ ሳይገባ ስልኳ መንጫጫት ጀመረ፤ እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ለካስ ሁሉም የሚጠይቁት "ለየትኛው ጠመንጃ ነው የሚገጥመው?" እያሉ ነው! አንዱማ "ሁለት ካለሽ ለወንድሜም እወስዳለሁ" ይላል። ትንሽ ጥቁር ቱቦ፣ ሁለት ቀለበት፣ ማሰሪያ ብሎን፤ በእኛ አገር ይሄን ያየ ሰው ሌላ ምን ያስብ? ስዩም ደንግጦ "አጥፊው፣ እስር ቤት ልታስገቢን ነው" አላትና ልጅቷ አጠፋችው።

መላ ያገኘችልኝ ሁሪያ ናት። ጎረቤቴ ሁሪያ፣ ያቺ አፋርኛውን ከአፋሮቹ እኩል የምትናገረው የባቡር ጣቢያ ልጅ። "ቴሌግራምሽን ተይውና ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔ ለአንድ ሰው እነግራለሁ" አለች። ከብት ሊሸጥ ለመጣ ዘመዷ ነገረችው፣ በቃ። በስድስተኛው ቀን ከሰመራ ስልክ ተደወለ። አብዱልአዚዝ ይባላል፤ መሬት ቀያሽ ነው፣ ዕድሜው ካንተ ጋር የሚቀራረብ። ቤተሰቡን ሊጠይቅ አፋምቦ ወርዶ ሳለ ነው የሰማው፤ "አዋሽ ላይ አንዲት ሴት ኮከብ የሚጠብቅ ዓይን ትሸጣለች" ብለው ነገሩት አሉ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን የሰው ዓይን የምሸጥ መሰለኝ።

ንጋት ላይ ከሁሪያ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ወረድን። መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሿ ልጅ ዘንቢሌ ውስጥ እጇን ሰደደችና ጥጃዋን አወጣቻት። "እናት፣ መነጽሩ ይሄ፣ መሣሪያውስ የት አለ?" አለች። ኮከብ ማያ ነው አልኳት። "ኮከብ ቆጣሪ ነሽ? እስቲ የኔን ቁጠሪልኝ፣ ዘንድሮ ባል አለበት?" ስትል ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ብቻ ላብ አጠመቀኝ። አለቃቸው መጣና ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ፀሐይዋን፣ ተራራውን፣ ሁሪያን ተመለከተ። "ጭጋግ ነው እንጂ ምንም የለበትም። በዚህ የሚተኩስ ሰው የራሱን አህያ ነው የሚመታው፤ ሂዱ" አለን። ያኔ አምላኬን አመሰገንኩ። ጭጋጉ ያወጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ከፊቴ እየጠበቀኝ እንደሆነ አላወቅኩም።

አብዱልአዚዝ ከመናኸሪያ ተቀበለን። ግቢው ውስጥ ከዳሱ ሥር ምንጣፍ ላይ አባቱ ሐጂ ሐሰን ተቀምጠው ነበር፤ ለሕክምና ከአፋምቦ መጥተው ነው። ውኃ ቀረበልን፣ ጠጣን፣ ከዚያ ዳጉ ተጀመረ። አንተ ሰመራ ስድስት ዓመት አስተምረሃል፣ ዳጉን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ሃያ ዓመት አዋሽ ኖሬ ሁለት አፋሮች መንገድ ዳር ቆመው ወሬ ሲለዋወጡ ከማየት በቀር ገብቼበት አላውቅም። በመንገድ ሁሪያ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ "ያየሽውን ያየሁ፣ የሰማሽውን የሰማሁ በይ። ከአንቺ የሰሙትን ነገ ለሌላ ሰው እንዳለ ነው የሚያደርሱት። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ደኅና ዋልኩ ቢል እንኳ የሚያምነው የለም" አለችኝ።

ሐጂ እየጠየቁ፣ ሁሪያ እያስተረጎመች፣ እኔ መለስኩ። አዋሽ ዘነበ? ወንዙ እስከ የት ሞላ? በመንገድ ሣር አየሽ? የማን ከብት ነበር? ማን ታመመ? ማን ሞተ? ሁሉንም በደንብ መለስኩ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ሰው እንደዚያ አድርጎ ሲያዳምጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ "ዕቃው እንዴት ነው?" አሉኝ። ባለቤቱ እንደተዋት ናት፣ ምንም አልተነካችም አልኩ። "ባለቤቱስ የት ነው? ለምን ይሸጣል?" አሉኝ። ጅቡቲ ጥሩ ሥራ ይዟል፣ ጊዜ ስለሌለው ነው አልኩ። ሁሪያ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና ያልኩትን እንዳለ አስተረጎመችው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ አብዱልአዚዝ የራሱን ቴሌስኮፕ አወጣ። አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው የገዛው ነው፤ መሪ ግን የለውም። ያነሳቸውን ፎቶዎች አሳየኝ፤ ከዋክብቱ በሙሉ እንደ ሩዝ ፍሬ ረዝመዋል። እኔም ምን ሆነው ነው እንደዚህ የተጎተቱት ብዬ ጠየቅኩት። አንተ የምታውቀውን ላንተ መንገሬ ያስቃል፣ ግን እኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰማዩ ይዞራል፣ ትልቁ በሞተር ይከተላል፤ ሞተሩ ግን አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ጥጃዋ አንዲት ኮከብ ትመርጥና ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃታለች፤ ኮከቧ ፈቀቅ ያለች እንደሆነ ለሞተሩ ቀስ በል፣ ፍጠን ትለዋለች። "እሷ ከሌለች ትልቁ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ያያል እንጂ የጠራ ፎቶ አያነሳም፣ እትዬ" አለኝ።

በዚያች ደቂቃ ሌላም ነገር በራልኝ፣ ፍሬ። አንተ ይሄን ታውቃለህ። ትልቁ ይቆይ፣ ትንሿን ሽጪ ስትለኝ፣ ያለ እሷ ያ ከአልጋዬ ሥር የማራግፈው ነገር ለሥራህ እንደማይሆን ታውቅ ነበር። እኔ አንተን የማታልል መስሎኝ ሳለ ለካ ያታለልከኝ አንተ ነህ። እንዳልጠረጥር ትልቁን መያዣ አስያዝከኝ። ልትመለስ አላሰብክም ማለት ነው።

አብዱልአዚዝ ጥጃዋን ገጥሞ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከላያችን ሰማዩ በከዋክብት ተጥለቅልቋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አንዲትም የለችም፤ አመድ ብቻ። ሽቦውን ነቅሎ ሰካ። ቴሌስኮፑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ። አሁንም አመድ። "እንደተዋት ናት አላልሽም?" አለኝ፤ ሳይቆጣ ነው የጠየቀኝ፣ እሱ ነው የገደለኝ። ያን ጊዜ እንባዬ ቀደመኝ። ፕላስተሩን የላጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ያ አንዴ ከወጣ ሌላውም አልቀረም። ወንድሜ ጥሩ ሥራ የለውም፤ ጅቡቲ ጭነት ሲቆጥር ይውላል፤ የሚሸጠው የጀልባ ሊከፍል ነው፤ ከሸጥኩ በገዛ እጄ ባሕር ላይ ልሰደው ነው፤ ካልሸጥኩ ሌላ መንገድ ይፈልግና እኔ ሳላውቅ ይሄዳል አልኩ። ለእናታችን፣ ለጎረቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበሬ ስምንት ወር የዋሸሁትን ሁሉ በሰው ግቢ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩት። ምስጢርህን አወጣሁ፤ ማረኝ።

ዳጓቸውን ስላበላሸሁባቸው ሽማግሌው የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነጠላዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁሪያም ነጠላዬን ያዝ አድርጋ "ተቀመጪ፣ ዳጉ ገና አላለቀም፤ ቀጥዪ ነው የሚሉሽ" አለችኝ። ቀጠልኩ። ከልጅነትህ ጀምሬ ነገርኳቸው። ከጣቢያው ጣሪያ ላይ ወጥተህ ስትተኛ አባባ እንዴት እንደሚገርፍህ፣ የመጀመሪያ ደመወዝህን ይዘህ መጥተህ ለእማዬ ጫማ፣ ለራስህ አንድ ብርጭቆ መሳይ ነገር እንደገዛህ፣ የመምህር ደመወዝ አሥር ቀን አላደርስ ሲልህ እንዴት ሳቅህ እንደበዛ። ሰምተው ሲያበቁ ለልጃቸው የነገሩት ይሄ ነው። "እኔ ግመል ስገዛ ባለቤቱ ገመዱን ከእጁ ወደ እጄ ካላስጨበጠኝ ወስጄ አላውቅም። ሰው ተከፍቶ የሸጠው ግመል ቤት አይለምድም። ይሄም ዓይን ነው አላችሁኝ። ባለቤቱ መጥቶ ያስጨብጥህ።"

ስለ አብዱልአዚዝም አልዋሽህም፤ ፕላስተሩ ይዞት የነበረውን ቀለበት እያዞረ ከዋክብት የሚጠሩበትን ቦታ በሁለት ምሽት ሊያገኘው እንደሚችል እዚያው ነግሮኛል። "ወላሂ፣ ሙያው አላቃተኝም፣ እትዬ። ያባቴን ቃል አልፌ አልገዛም ነው" አለ። ስለዚህ ነገሩ እንደዚህ ሆነ። ጥጃዋ ሰመራ አብዱልአዚዝ ቤት ናት። ብሩ በሐጂ ሐሰን እጅ ነው፤ ለእኔም፣ ለኮፍያሙም፣ ለማንም አይሰጥም፣ ላንተ ብቻ ነው። መጥተህ በእጅህ ታስጨብጠዋለህ፣ ብርህን በእጅህ ትቀበላለህ። የሸጥኩት ከነአንተ ነው ማለት ነው። እሺ ብዬ የተስማማሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ከተቆጣህ በእኔ ተቆጣ።

አዋሽ ተመልሰን ከሚኒባሱ ስንወርድ ምን ብጠየቅ ጥሩ ነው? ፍየል የሚሸጥ፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ሰው "ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ። እኛ በመኪና፣ ወሬው በእግሩ፤ ቀድሞን ገብቷል። ይገዙም ትናንት ከጅቡቲ ሲመለስ ሰርዶ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ "የኮከቡን ሰውዬ የምታመጣው አንተ ነህ?" ብላ ይዛው እንደነበር እየሳቀ ነገረኝ። እንግዲህ ከአፋምቦ እስከ አዋሽ ትመጣለህ ተብለህ እየተጠበቅክ ነው። ይሄን ላስጨንቅህ ብዬ አይደለም። ደግሞ ላስጨንቅህም ብዬ ነው፤ ውሸት አይኖርበትም ብያለሁና።

ኮፍያሙ ከትናንት በስቲያ ተመልሶ መጣ። ዕቃው ሰመራ ነው፣ ብሩ በሐጂ ሐሰን እጅ ነው፣ ሂድና ጠይቃቸው አልኩት። ፈገግታው ጠፋ። ጥብሱን ሳይጨርስ ወጣ። ዛቻ አልነገረኝም፤ ግን ሲወጣ የምግብ ቤቱን በር ከላይ እስከ ታች ለክቶ አየው። ስዩም ከዚያ ወዲህ ከጣቢያው በየሰዓቱ ብቅ እያለ ያየናል። ፈርቻለሁ። ይሄንንም ልታውቀው ይገባል።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ይገዙ ጭኖ ሲመለስ ጋቢናው ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ ቃል አስገብቼዋለሁ። እኔ ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሰመራ እሆናለሁ። ብቻ እስከ ሰመራ ና። አዋሽ ድረስ ና አላልኩህም። ብርህን ተቀብለህ ወደ ጠረፍ እመለሳለሁ ብትለኝ እጅህን አልይዝም፣ ልብስህን አልጎትትም፣ በመንገድ ዳር አልጮህም፤ ስንቅህን ቋጥሬ እሰጥሃለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ የምሆነውን እሆናለሁ። ግን ፊቴን እያየህ ንገረኝ። በሰው ስልክ ሁለት ደቂቃ አይደለም።

የላጥኩትን ፕላስተር የጣልኩት መስሎኝ ነበር፤ ከቆሻሻው ማጠራቀሚያ ጎን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ስገለብጠው በእስክሪብቶ "አትንኩ" ብለህ ጽፈህበታል፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለነበር አላየሁትም። ከእነ አቧራው እዚህ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ለጥፌልሃለሁ። ይዘኸው ና፤ ቦታው ላይ መልሰህ ለጥፈህ ለአብዱልአዚዝ ታስረክበዋለህ።

ስዩም ሰላም ብሎሃል፤ "በይው፣ እዚህ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ያውቃል" አለኝና ሌላ አልጨመረም። ኤፍራታ ትስምሃለች፤ የፊዚክስ ደብተሯን የሚያይላት አጥታ በራሷ እየታገለች ነው፣ ከአንዱ ጥያቄ ጎን "ለአጎቴ" ብላ ምልክት አድርጋ ትተዋለች። ትንሿ ኩኩ ጥጃዋን የት ወሰድሽብኝ ብላ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች፤ ባንተ አመካኝቻለሁ። ሁሪያ "አሏህ በሰላም ያምጣልን በይው" ብላለች፤ ለሰመራው ቀን እሷም አብራኝ ትወርዳለች።

እማዬ ሰላምታዋ ረጅም ነው። ጆሮዋ ደክሟል፣ ልቧ ግን አልደከመም። አሁንም ሰመራ እያስተማርክ ነው ብላ ነው የምታውቀው፤ ጅቡቲ መሄድህን የነገራት ሰው የለም። ሰመራ ሞቀ ሲባል "ልጄ ጠመኔ እንደያዘ ያልበዋል" ትላለች። ከሰመራ የተመለስኩ ዕለት "አየሽው?" አለችኝ። አየሁት አልኳት። "ደኅና ነው?" አለችኝ። ደኅና ነው አልኩ። በዚህ ሳምንት ዳጉ ላይ የዋሸሁትን አቅንቻለሁ፤ የቀረችኝ ይቺ የእማዬ ናት፣ እሷን ብቻዬን አልችላትም። ለአንድ ቀን እንኳ ሰመራ ተገኝልኝና እውነት አድርግልኝ።

እህትህ ሸጊቱ
አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.